የማንነት ወጥነት ጫና

የማንነት ወጥነት ጫና ማለት አንድ ሰው በተለያዩ ሰዎች ፊትና በተለያየ ጊዜ ሳይለዋወጥ «ያው አንድ ሰው» ሆኖ እንዲገኝ የሚገፋው ማኅበራዊና ውስጣዊ ግፊት ነው። ለወላጆቹ ዝምተኛ፣ ለጓደኞቹ ቀልደኛ፣ ለመምህሩ ትጉህ የሆነ ተማሪ ሦስቱም ወገኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙበት የሚሰማው መጨናነቅ ለዚህ ጫና ቀላል ምሳሌ ይሆናል። ተማሪው ማንንም አልዋሸም። ሆኖም በዚያች ሰዓት ከሦስቱ አንዱን መርጦ መሆን አለበት፤ የትኛውንም ቢመርጥ ደግሞ የቀሩት ሁለቱ «እንዲህ ነህ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም።

ጉዳዩን ሥነ ልቡናና ሶሲዮሎጂ ከ100 ዓመት በላይ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የኮምፒዩተር ሳይንስም ገብቶበታል። ምክንያቱም ዛሬ ሰው በሌሎች ፊት የሚታየው በአብዛኛው በአካውንት፣ በፕሮፋይልና በመረጃ ቋት በኩል ነው፤ እነዚህ ደግሞ በተፈጥሯቸው አንድን ሰው በአንድ መዝገብ ማስቀመጥ ይወዳሉ።

== በአማርኛ ==

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የዳበሩ ቃላት አሉት። አቋሙን የማይለውጥ ሰው «ቃሉ የማይታጠፍ» ተብሎ ይመሰገናል። እንደ ሰዉና እንደ ቦታው የሚለዋወጠው ግን «ወላዋይ»፣ «አስመሳይ»፣ «ግብዝ» ወይም «እስስት» ይባላል። (እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ለመደበቅ ብቻ አይደለም፤ የሰውነቷን ሙቀት ለማስተካከልና ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመግባባት ጭምር ነው። ስድቡ እንስሳዋን በድሏታል ማለት ይቻላል።)

ይኸው ቋንቋ ግን ተናጋሪውን በየሰዓቱ እንዲለዋወጥ ያስገድደዋል። አንድ ሰው በአንድ ምሽት ታናሽ ወንድሙን «አንተ»፣ እኅቱን «አንቺ»፣ እንግዳውን «እርስዎ»፣ አያቱን «አንቱ» ሊል ይችላል፤ ተውላጠ ስሙ ሲለወጥ ግሱ፣ የድምፁ ከፍታ፣ የአቀማመጡ ሁኔታም አብሮ ይለወጣል። ይህን የማያደርግ ሰው «ወጥ ነው» ተብሎ አይደነቅም፤ «ባለጌ» ይባላል። ስለዚህ ባህሉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ እንደ ሰዉ ደረጃ መለዋወጥን፣ ግን ተለዋዋጭ ሆኖ አለመታየትን።

በመካከል የሚቆመው «ይሉኝታ» ነው። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው ግስ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል ብሎ ራስን መቆጠብን ያመለክታል። ይሉኝታ ጥሩ ጎን አለው። የተራበ ጎረቤት እንዳይታለፍ፣ የተናደደ ሰው በአደባባይ እንዳይሳደብ ያደርጋል፤ «ይሉኝታ ቢስ» መባል ከባድ ነቀፋ የሆነውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ይሉኝታ ሰውን ትናንት በነበረበት ቦታ ላይ ይቸነክረዋል። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ሐሳቧን የለወጠች እጮኛን እናስብ። ውሳኔው የሁለት ሰዎች ቢሆን ኖሮ በአንድ ንግግር ሊያበቃ ይችል ነበር። አሁን ግን ቃሉ የሽማግሌዎቹም፣ የሁለቱ ቤተሰቦችም፣ የሰፈሩም ሆኗል። ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ከገዛ ልቡ ይልቅ ሌሎች የሚያውቁትን ራሱን ይከተላል፤ የሚከፍለው ዋጋም የአንድ ምሽት ኀፍረት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ትዳር ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመውና በቅኔው ስልት «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ፣ በአማራው ባህል ውስጥ አንድን ነገር በሁለት ትርጉም የመናገር ልማድ ከግጥም አልፎ በዕለታዊ ኑሮ ውስጥ ትልቅ አገልግሎት እንዳለው ጽፏል። በዚህ አተያይ ውስጡን ሸፍኖ መናገር ብልሃት እንጂ የግድ ውሸት አይደለም።

== የጥናቱ ታሪክ ==

አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፉ፣ አንድ ሰው እሱን የሚያውቁት ሰዎች ብዛት ያህል «ማኅበራዊ ማንነቶች» አሉት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቻርልስ ኩሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች ዓይን እንደ መስተዋት ተመልሶ ነው አለ። ሁለቱም ብዙ ገጽታ መያዝን እንደ በሽታ አልቆጠሩትም።

በዘርፉ እስከ ዛሬ በስፋት የሚጠቀሰው ግን ካናዳ የተወለደው ኤርቪንግ ጎፍማን (1922–1982 እ.ኤ.አ.) ነው። ለዶክትሬት ጥናቱ በስኮትላንድ ሰሜን በሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ኖሮ የነዋሪውን ውሎ ታዝቧል። ከትዝብቱ አንዱ የትንሽ ሆቴል ነበር። ሠራተኞቹ በምግብ አዳራሹ ውስጥ ትሑትና ሥርዓታማ ናቸው፤ የማእድ ቤቱን በር ሲያልፉ ግን ንግግራቸውም አለባበሳቸውም ንጽሕናቸውም ይለወጣል። ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ማኅበራዊ ኑሮን ከቲያትር ጋር አነጻጽሮ፣ ሰው የሚታይበትን ቦታ «የፊት መድረክ»፣ የሚያርፍበትንና የሚዘጋጅበትን ደግሞ «የኋላ መድረክ» አለው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ቲያትር ማሰብ አያስፈልገውም፤ ሳሎንና ጓዳ ማለት ነው። በጓዳ ያለው ነገር አደባባይ ሲወጣ ደግሞ «ገመናው ወጣ» ይባላል።

ከጎፍማን ሐሳቦች ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው «ተመልካችን መለየት» የሚለው ነው። አንድን ገጽታ ያዩ ሰዎች ሌላው ገጽታ ሲታይ በቦታው እንዳይኖሩ ማድረግ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ ቤትና ሥራ፣ ሰፈርና ካምፓስ፣ ቤተ እምነትና ካፌ በቦታና በሰዓት ስለሚለያዩ ግድግዳውና ሰዓቱ ሥራውን ይሠሩለታል።

== ወጥነት ለምን ይጠበቃል ==

ሰዎች ከሌሎች ወጥነት የሚጠብቁበት ዋናው ምክንያት መተማመን ነው። ነገ የሚያደርገውን መገመት ከማይቻል ሰው ጋር ዕቁብ መግባት፣ ቤት መከራየት ወይም መጋባት አስቸጋሪ ነው። ግፊቱ ግን ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ሰው ራሱም ከቀደመ ቃሉና ሥራው ጋር መጣጣም ይፈልጋል።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱን ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1966 አሳትመውታል። በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች በግቢያቸው ፊት ለፊት «በጥንቃቄ ያሽከርክሩ» የሚል ትልቅና የማያምር ማስታወቂያ እንዲተከል ተጠየቁ። ከዚህ በፊት ምንም ካልተጠየቁት ውስጥ የተስማሙት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ጥንቃቄ የሚናገር ትንሽ ምልክት መስኮታቸው ላይ እንዲለጥፉ ከተጠየቁት ውስጥ ግን 76 በመቶዎቹ ተስማሙ። ትንሿ ምልክት የሰዎቹን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸው ያላቸውን ሥዕል የለወጠች ይመስላል፤ «እኔ ለአካባቢዬ የምቆረቆር ሰው ነኝ» ካሉ በኋላ እምቢ ማለት ከራስ ጋር መጣላት ሆነባቸው። ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ስለ ማግባባት በሚያትት መጽሐፉ ይህንና መሰል ሙከራዎችን ሰብስቦ፣ በሌሎች ፊት የተነገረ ቃል በልብ ከተያዘው ይልቅ ሰውን አጥብቆ እንደሚያስር አስረድቷል። ከላይ የተጠቀሰው የሽማግሌ ነገር በዚህ ዓይን ሲታይ የአንድ አገር ልማድ ብቻ አይደለም።

የሊዮን ፌስቲንገር ንድፈ ሐሳብ (1957 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ውስጣዊውን ጎን ያብራራል። ሰው በሚያምነውና በሚያደርገው መካከል አለመጣጣም ሲፈጠር ይጨነቃል፤ ጭንቀቱን ለማስወገድም ከሁለቱ አንዱን ይለውጣል። ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች ለአንድ ሰዓት እጅግ አሰልቺ ሥራ ከሠሩ በኋላ፣ ለቀጣዩ ተሳታፊ «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩ ተጠየቁ። ገሚሶቹ 20 ዶላር፣ ገሚሶቹ 1 ዶላር ተከፈላቸው። በኋላ ስለ ሥራው እውነተኛ ስሜታቸውን ሲጠየቁ «ደስ ይል ነበር» ወደሚለው ያዘነበሉት 1 ዶላር ያገኙት ናቸው። 20 ዶላር ያገኘው ለምን እንደዋሸ ያውቃል። 1 ዶላር ያገኘው ግን ምክንያት ስለሌለው ውሸቱን ወደ እምነት ለወጠው። ስለዚህ ሰው ለሌሎች ሲል የሚይዘው መልክ ቀስ በቀስ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ ይህ እንደ ሁኔታው መልካምም አስፈሪም ነው።

ከሳይንሱ በፊት ጸሐፊው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ድርሰት፣ ሰዎች በራሳቸው እንዳይተማመኑ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ለትናንት ቃላቸው ያላቸው አክብሮት መሆኑን ጠቅሶ ነበር።

== ሰው በእርግጥ ወጥ ነውን? ==

ወጥነት በጽኑ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ ሰዎች በተፈጥሯቸው ወጥ ናቸው ብሎ መገመት ቀላል ነው። ማስረጃው ግን ይህን ሙሉ በሙሉ አይደግፍም። ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በፈተና፣ በጨዋታና በገንዘብ ፈትነዋቸዋል። ፈተና ላይ የኮረጀ ልጅ በገንዘብ ታማኝ ሆኖ ይገኛል፤ በጨዋታ ያጭበረበረው ቤቱ ላይዋሽ ይችላል። ዋልተር ሚሸል እ.ኤ.አ. በ1968 የነበሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ በአንድ የባሕርይ መለኪያና በአንድ የተለየ ሁኔታ ውስጥ በሚታይ ድርጊት መካከል ያለው ዝምድና ብዙውን ጊዜ ከ0.30 እንደማይበልጥ ጻፈ። መጽሐፉ ለዓመታት የቆየ ክርክር አስነሣ። በኋላ የተደረሰበት መካከለኛ አቋም ብዙ ድርጊቶች ሲደመሩ የሰው ጠባይ የተረጋጋ መልክ አለው፣ አንዱን ቀን ብቻ ይዞ መፍረድ ግን ያሳስታል የሚል ነው።

ባህልም ልዩነት ያመጣል። ቺሂሮ ካናጋዋና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የጃፓንና የአሜሪካ ተማሪዎች ስለ ራሳቸው እንዲጽፉ የተጠየቁት ብቻቸውን፣ ከእኩያ ጋር፣ በቡድን ውስጥና በመምህር ፊት ሆነው ነበር። የጃፓኖቹ መልስ አጠገባቸው እንዳለው ሰው ይበልጥ ይለያይ ነበር። ዩንኩክ ሱህ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካውያንንና ኮሪያውያንን ሲያነጻጽር፣ ከቦታ ቦታ ወጥ መሆን ከደስተኝነት ጋር ያለው ግንኙነት በኮሪያውያኑ ዘንድ ደከም ያለ ሆኖ አግኝቶታል። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ ሥራ ቢሠራ የ«አንተ»ና የ«አንቱ» ነገር ምን ዓይነት ውጤት ይሰጥ ይሆን የሚለው የሚያጓጓ ጥያቄ ነው።

ብዙ ገጽታ መያዝ ለጤና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ፓትሪሺያ ሊንቪል እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረበችው ጥናት ራሳቸውን በብዙ የተለያዩ ገጽታዎች የሚያዩ ሰዎች ጭንቀትን የተሻለ ይቋቋማሉ፤ በትምህርቱ የወደቀ ሰው የእግር ኳስ ተጫዋችነቱና የታላቅ ወንድምነቱ ይቀሩለታልና። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ የአይሊን ዶናሁና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ ከአንዱ ሚና ወደ ሌላው ባሕርያቸው በጣም የሚለያይ ሰዎች ይበልጥ እንደሚጨነቁ አሳየ። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ የለኩት ግን አንድ ነገር አይደለም። ብዙ ሚና መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ሚናዎቹ እርስ በርስ እንዲካካዱ መገደድ ሌላ ነው።

== ግድግዳው ሲፈርስ ==

ጆሹዋ ሜይሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ ኤሌክትሮኒክ መገናኛ ብዙኃን የጎፍማንን ግድግዳዎች እንዳፈረሱ ጻፈ። ከራሱ ሕይወት የሰጠው ምሳሌ ቀላል ነው። በወጣትነቱ አውሮፓን ጎብኝቶ ሲመለስ ለወላጆቹ፣ ለጓደኞቹና ለመምህራኑ ስለ አንዱ ጉዞ የተለያየ ወሬ አወራ። ሁሉም እውነት ነበር። ወላጆቹ ሁሉንም በአንድ ድግስ ላይ ጋብዘው ቢሆን ኖሮ ግን የትኛውን ያወራ ነበር? ከበድ ያለው ምሳሌው ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ስቶክሊ ካርማይክል ነው። ካርማይክል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጥቁሮችና ለነጮች በተለያየ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን ንግግሩን ለሁሉም ማሰራጨት ሲጀምሩ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። የመረጠው ለጥቁሮቹ የሚናገርበትን ነው፤ ነጮቹ አድማጮችም በንዴትና በፍርሃት ተቀበሉት።

ያን ጊዜ ችግሩ የታዋቂ ሰዎች ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያ ለሁሉም አዳረሰው። ተመራማሪዋ ዳና ቦይድ ከምትታወቅባቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ «የአውድ መፍረስ» ነው፦ አጎት፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ አለቃ፣ የንስሐ አባትና የክፍል ጓደኛ አንድን ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ያነቡታል። በርኒ ሆገን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳመለከተው በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ማንንም የማያስቀይመውን ብቻ መለጠፍ ነው። የልደት ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ «እንኳን አደረሳችሁ»። ብዙ ሰዎች በገጻቸው ላይ ከአካላቸው ይልቅ ደብዛዛ ሆነው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ጊዜን ይመለከታል። የአፍ ወሬ ይረሳል፤ በዲጂታል የተጻፈ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ከነቀኑ ተመልሶ ይመጣል። በ16 ዓመቱ የጻፈው ነገር በ26 ዓመቱ «አቋምህ ይህ አልነበረም?» ተብሎ በስክሪንሾት የሚቀርብበት ሰው፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ የማለት መብቱ ጠቦበታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በጉግል ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሰዎች ጊዜው ያለፈበት መረጃ በስማቸው ሲፈለግ እንዳይወጣ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። መረጃው ከምንጩ አይጠፋም፤ የሚቀረው በስም የሚደረገው ፍለጋ ውጤት ነው።

== አንድ ሰው፣ አንድ ስም ==

የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በ2010 በዴቪድ ኪርክፓትሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሁለት ማንነት መያዝ የሐቀኝነት ጉድለት ነው የሚል አስተያየት ሰጥቷል። በቀጣዩ ዓመት ክሪስቶፈር ፑል የተባለው የፎርቻን መሥራች ተቃራኒውን ተከራከረ፤ የሰው ማንነት ብዙ ገጽ እንዳለው እንደ አልማዝ ነው፣ ከየአቅጣጫው የተለየ መታየቱ ተፈጥሮው ነው አለ። ክርክሩ ፍልስፍናዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የሶፍትዌር ንድፍን ይወስናል። ሠራተኛው፣ ቤተሰቡና ጓደኞቹ ስለ ዓለም ተመሳሳይ አመለካከት ያላቸው ሰው አንድ መሆኑ ብዙም አያስከፍለውም። እምነቱን ለቤተሰቡ ሳይነግር የለወጠ፣ ከጨካኝ ባሏ የሸሸች ወይም የፖለቲካ አቋሙ ከሥራ የሚያስባርረው ሰው ግን ለዚያው ወጥነት የሚከፍለው ዋጋ ከሁሉም ይበልጣል።

ፌስቡክ ተጠቃሚዎች በእውነተኛ ስማቸው እንዲመዘገቡ ያስገድድ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የደራሲው ሳልማን ሩሽዲ አካውንት ተዘጋ፤ በኋላም ፓስፖርቱ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው ስሙ «አህመድ» ስለሆነ በዚያ እንዲጠራ ፈለጉ፤ ዓለም የሚያውቀው ግን በመካከለኛው ስሙ ነው። በትዊተር ካማረረ በኋላ ስሙ ተመለሰለት። ብዙ ተከታይ የሌለው ሰው ይህ ዕድል አልነበረውም። በ2014 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የሴት አለባበስ ለብሰው መድረክ ላይ የሚጫወቱ አርቲስቶች በመድረክ ስማቸው የከፈቷቸው አካውንቶች ሲዘጉ ተቃውሞ ተነሣ፤ ኩባንያው በጥቅምት ወር ይቅርታ ጠይቆ አሠራሩን አላልቷል። ጉግል ፕላስም በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የያዘውን ተመሳሳይ ደንብ በ2014 ትቶታል። በመንግሥት ደረጃ የሞከረችው ደቡብ ኮሪያ ናት፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ድረ ገጾች አስተያየት ሰጪዎችን በመታወቂያ እንዲያረጋግጡ ታዘዙ። በ2011 የ35 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ከአንድ ኩባንያ ተሰረቀ፤ በነሐሴ 2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው።

«እውነተኛ ስም» የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከመነሻው እንግዳ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ሰው የቤት ስምና የክርስትና ስም አለው፤ የክርስትና ስሙን ብዙ ባልንጀሮቹ ሳያውቁት ሊኖር ይችላል። የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ደግሞ የፈረስ ስም ነበራቸው፦ ዓፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ «አባ በዝብዝ»፣ ዓፄ ምኒልክ «አባ ዳኛው»። ሦስቱም ሲነግሡ ስማቸውን ለውጠዋል፤ ቴዎድሮስና ዮሐንስ አስቀድሞ ካሳ፣ ምኒልክ ሣህለ ማርያም ይባሉ ነበር። ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓላቸው ሲከበር የተጠሩት በክርስትና ስማቸው በኃይለ ሥላሴ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ብቻ እውነተኛ፣ ሌላው የሐሰት ነው ያለ የለም፤ እያንዳንዱ የሚጠራበት ቦታ ነበረው።

የዘመኑ ቅጽ ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። በኢትዮጵያ አሰያየም የቤተሰብ ስም የለም፤ ከስም ቀጥሎ የአባት ስም ይመጣል፣ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ እናት፣ አባትና ልጅ አብረው ሲጓዙ የሦስቱም «የቤተሰብ ስም» የተለያየ ይሆናል። የፊደሉ ጉዳይም አለ። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በመጀመሪያ ወደ አንድ ካልተቀየሩ በስተቀር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ አንዱ ስም በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ይሆናል። አንድ ፊደል ለማስተካከል ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው የማንነት ወጥነት ጫና ምን እንደሆነ ያለ ንድፈ ሐሳብ ያውቀዋል።

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት፣ በተለምዶ «ፋይዳ» የሚባለው፣ ሰውን በጣት አሻራ፣ በዓይን አይሪስና በፊት ምስል ይለያል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በመዝገብ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ማድረግ አንድ ነገር ነው። ያው ሰው በባንክ፣ በሆስፒታልና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያደርገው ሁሉ በአንድ ቁጥር ተያይዞ እንዲታይ ማድረግ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አያስከትልም፤ ሥርዓቱን የሚሠሩት ሰዎች ግን ልዩነቱን አስበው ካልጠበቁት በቴክኒክ ረገድ ማያያዙ ቀላል ነው።

== በስደት ==

ወደ ሌላ አገር የሄደ ሰው ጫናውን በእጥፍ ይሸከማል። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ፣ በተለይ ልጆች፣ በደረሱበት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ቤት ውስጥ በአንድ ስም፣ ትምህርት ቤት በሌላ ስም አድገው፣ አንዳንዶቹ በጉልምስናቸው ወደ መጀመሪያ ስማቸው ተመልሰዋል። በአሜሪካ የተወለደ ልጅ እቤቱ ለታላቅ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የመምህሩን ዓይን እያየ እንዲከራከር ይጠበቅበታል። ሁለቱም ጨዋነት ናቸው። ልጁ የሚቸገረው ወላጆቹ ለወላጆች ስብሰባ ትምህርት ቤት የመጡ ቀን ነው።

ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ጉዳይ ይለያል። ሥራ ለማግኘት የሙስሊም ስም ይዘው የሄዱ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አሠሪዎች ለአጠራር የሚቀላቸውን ስም ያወጡላቸውም አሉ። ከአገር ቤት በኩል ያለው ግፊት ደግሞ «ተሳክቶላታል» የሚለው ሥዕል እንዳይደበዝዝ ነው። ደመወዟ የተያዘባት ሴት ይህን ከመናገር ይልቅ ተበድራ ገንዘብ ልትልክ፣ በሰው ሳሎን ውስጥ የተነሣችውን ፎቶ ልትለጥፍ ትችላለች። ፎቶውን ያየች የሰፈሯ ልጅ በዚያው መንገድ ለመሄድ ትነሣለች። እዚህ ላይ ወጥ ሆኖ የመታየት ጫና ከስሜት ጉዳይነት አልፎ ሌላ ሰው የሚወስነውን ውሳኔ ያበላሻል።

== ሰዎች የሚጠቀሙባቸው መላዎች ==

ኩባንያዎቹ ግድግዳውን መልሰው ለመሥራት ሞክረዋል። ጉግል ፕላስ በ2011 እ.ኤ.አ. «ክበቦች» የሚል አሠራር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ተጠቃሚው የሚያውቃቸውን ሁሉ በየዓይነታቸው መድቦ ለየክበቡ የተለየ ነገር ይለጥፋል። ሐሳቡ የጎፍማንን ተመልካችን መለየት በሶፍትዌር የመድገም ያህል ነበር፤ ነገር ግን በአካል ግድግዳው የሚሠራውን ሥራ ተጠቃሚው በእጁ እንዲሠራ ስለሚጠይቅ አድካሚ ነበር። አገልግሎቱ ለግለሰቦች በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ኢንስታግራም በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የቅርብ ጓደኞች» ዝርዝር ቀለል ያለ ነው፤ ወጣቶች ግን ከዚያ በፊት ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚታይ ሁለተኛ አካውንት በመክፈት መላውን ራሳቸው ፈጥረውት ነበር።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚሠራበት ቴሌግራም አካውንትን ከስልክ ቁጥር ጋር ያያይዛል፤ አዲስ የገባን ሰው ቁጥሩን በስልካቸው ለያዙ ሰዎችም ያሳውቃል። ቁጥሩን መደበቅና በመጠቀሚያ ስም ብቻ መታወቅ ይቻላል፤ ይህ ቅንብር «ግላዊነት» በሚለው ክፍል ውስጥ «ስልክ ቁጥር» ከሚለው ሥር ይገኛል። ቅንብሩን መቀየር ግን ቁጥሩን አስቀድመው በስልካቸው የመዘገቡትን ሰዎች አያስረሳቸውም።